ኩሬው ላይ ዳክዬ ስንጠብቅ

አባቴ «ዳክዬዎቹን እመልሳቸዋለሁ» ብሎ የተነሳ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብን። መሳቃቸው አልገረመኝም። እኛ ዘንድ ዳክዬ አይበላም፣ አይሸጥም፣ እንደ አውራ ዶሮ ንጋት እንኳ አይነግርም። ከፊት ለፊታችን ስዋ እየጠመቀች የምትሸጠው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ወይ ጉድ! ደርሆ ማይ አይበላ፣ እንቁላሉ አይሸጥ። ለምንዎ ነው?» አለችው፤ ደርሆ ማይ ያለችው ዳክዬውን ነው። አባቴ ማጭዱን እየሳለ «ለዓይን» አላት። «ለዓይንማ ሐኪም ቤት አለልዎ» ብላ እየሳቀች ገባች።

ቤታችን ዓይናለም ነበር፣ ከመቐለ ዳር። አባቴ ከሸዋ መጥቶ የውኃ ጉድጓዶቹ ሞተር ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ እናቴ የቁሓ ልጅ ናት። እሱን አባዬ፣ እሷን በአገሯ አጠራር አደየ እንላቸዋለን። ከጓሯችን ኋላ ለመንገድ ሥራ አፈር የወጣበት ትልቅ ጉድጓድ ነበር፤ በክረምት ይሞላና በጋውን ውኃ ይዞ ይቆያል። ታላቅ ወንድሜ መስከረም በጠባ ቁጥር እስከ ጭኑ ገብቶ ውኃው ውስጥ የበቀለውን ፊላ ያጭደዋል። ዳክዬ ሊጠራ አይደለም፤ የላማችንን ጋጣ ሊከድንበት ነው። ፊላው ሲታጨድ ግን ውኃው ይገለጣል፤ በኅዳር ከሩቅ አገር የሚመጡት ዳክዬዎች ያርፉበታል። አደየ ማለዳ ወጥታ እነሱንም ዳር የቆመውን ወንድሜንም እያየች ትቆም ነበር።

የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ወንድሜ ዘመተ። የዚያን ዓመት ፊላውን ያጨደ አልነበረም፤ ኩሬው ተደፈነ። ዳክዬዎቹ መጥተው ከላይ ዞሩ ዞሩና የሚያርፉበት ሲያጡ ሄዱ። ጦርነቱ አበቃ፤ የሌላው ሰው ልጆች ተመለሱ። የእኛ ግን ራሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። እንደ እኛ የሚጠብቅ ቤት በየሰፈሩ ሞልቶ ነበር። አደየ ከቤት መውጣት ተወች፤ ሠፈርተኛውን «ደሓን ዶ» ማለትም ተወች። አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፦ «አብረው ነው የሄዱት። እነሱ የተመለሱ ዕለት ወደይ ይመለሳል።» ወደይ ልጄ ማለቷ ነው፤ እነሱ የምትለው ዳክዬዎቹን።

አባዬ ዳክዬ ልመልስ ያለው ለዚህ ነበር፤ እኔም ከእሱ የተጣላሁት ለዚህ ነው። እኔ ያኔም አፌ አያርፍም።

«አባዬ፣ እሷ የምትጠብቀው ዳክዬ አይደለም» አልኩት። «ዳክዬዎቹ መጥተው እሱ ባይመጣስ? ምን ልትላት ነው?»

«አንቺ» አለኝ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ገልጣ ከምታድር ሰው ጎን ተኝተሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ከዚያ ቤት ትውጣልኝ። ከወጣች በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

ጥዬው ገባሁ። ተናድጄ እንጂ አምኜ አይደለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አባዬም አልለቀቀም።

ደመወዙ ለእኛም አይበቃም፤ ለዳክዬ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ያለውን ሁሉ አዋለው። ፊላውን ከውኃው በታች ዝቅ አድርጎ ያጭዳል፤ ጉቶው ውኃ ውስጥ ሲቀር ይበሰብሳል፣ ቶሎም አያቆጠቁጥም። በአንድ በኩል ያለውን ለመደበቂያ ብሎ እንዳለ ተወው። ያለቀለት የጭነት መኪና ጎማ እያንከባለለ አመጣና መሐል ላይ አስተኝቶ በድንጋይና በአፈር ሞላው፤ ወጥተው ላባቸውን የሚያደርቁበት ደሴት መሆኑ ነው። ውሻችንን አሰራት። ከሁሉ የባሰው ጀሪካኑ ነበር። ባዶውን ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርቆሮ አንገት ተከለለትና ጥቀርሻ ቀብቶ ውኃው ላይ ለቀቀው። መሰሉን ያየ ዳክዬ ሰላም ነው ብሎ ይወርዳል አለ። በመጀመሪያው ዝናብ ጥቀርሻው ታጥቦ ቢጫ ሆነ፤ ንፋስ ሲመጣም ተገለበጠ። «አባዬ፣ ሞተብህ» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ገብቶ አቀናው።

ሠፈሩ ከመሳቅ ወደ ማጉረምረም ተሻገረ። ከታች በኩል ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ «ወባ ልትጠራብን ነው። ይደፈን!» ብለው ከዘራቸውን ወዘወዙበት። ልጆቹ ጀሪካኑን በወንጭፍ ይመቱታል፤ እናቶቻቸው አይተው ያልፋሉ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ብቻውን ይገባል፤ በቅዝቃዜው ጉልበቱ አብጦ ይወጣል። አደየ ምን እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ግን አንድም ቀን ወጥታ አላየችም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የመስቀል ማግስት ስዋ ሻጯ በባልዲ አተላ ይዛ መጣች። «ለደርሆ ማይዎ ነው። ዳር ዳሩን ይበትኑላቸው» አለች። አልሳቀችም። በነጋታውም አመጣች፤ በሦስተኛውም ቀን። በዚያው ሳምንት ሽማግሌው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ከነማጭዳቸው አስከትለው መጡና ራሳቸው ዳር ላይ ቆመው «በዚያ በኩል፣ በዚያ በኩል» እያሉ አሳጨዱ። አባዬ ስንት ጊዜ የለፋበት ሥራ ከሰዓት በፊት አለቀ። ወንጭፉም ከልጆቹ እጅ ጠፋ።

አባዬ ደስታውን መያዝ አቃተው። «አየሽ? ሰው ሲስቅብሽ ዝም ብለሽ ሥሪ። ኋላ ራሱ መጥቶ ያግዝሻል» አለኝ። እኔ እንኳን፣ ሰውን በቀላሉ የማላምነው፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው አልኩ በልቤ። ስዋ ሻጯ ባልዲውን ስትሰጠኝ ወደ አደየ በር ቀና ብላ አለማየቷን ልብ ብያለሁ። ስለ ሳቀችብን አፍራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ኅዳር በገባ በጥቂት ቀን ማለዳ ላይ ጓሮው በጩኸት ተሞላ። ወጥቼ ሳይ ዳክዬዎቹ ወርደዋል፤ ደሴቱ ላይ፣ ፊላው ሥር፣ አንዷ ከጀሪካኑ ጎን። አባዬ በባዶ እግሩ ሮጦ ገባና አደየን «ነይ እስኪ» አላት። ጋቢዋን ደርባ ወጣች። ብዙ ቆየች። ከዚያ «መጡ» አለች፤ ፊቷ በራ። ስንት ዘመኔ ያንን ፊት ካየሁ! አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ።

ደስታችን እስከ ምሳ ድረስ ብቻ ቆየ። ከሰዓት በኋላ አደየ የወንድሜን ፍራሽ አውጥታ ስታራግፍ አገኘኋት። ብርድ ልብሱን አጥባ ሰጣችው። ሸሚዙን ተኮሰች። አተላውን ራሷ መበተን ጀመረች፤ እኔንም እንደ ድሮዋ «ኣንቲ፣ ቤቱን ጥረጊ እንጂ፣ እንግዳ አለብን!» ብላ ትቆጣኝ ጀመር። አባዬ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ብርድ ልብስ አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱን አዞረ። «ነግሬህ ነበር» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

የኅዳር ጽዮን ዕለት የማርያም ማኅበሯ በእኛ ቤት ደረሰ። ሠፈሩ በሙሉ መጣ፤ ስዋውን ጎረቤታችን በነፃ ጠምቃ አመጣችው። በሉ፣ ጠጡ፤ ግን የወትሮው ጨዋታ አልነበረም። አደየ መሐል ቆማ፣ «ወደይ ሲመጣ ደግሞ ደስታዬን ታዩልኛላችሁ» አለች። ዋንጫ የያዘው ዋንጫውን አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉም፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «አሜን» አሉ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ አደየ ባልዲዋን ይዛ ኩሬው ዳር ነበረች። በጓሮው በኩል ሰው ግር ብሎ መጣ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «ቀስ በሉ፣ ይበራሉ» አለቻቸው።

ስዋ ሻጯ «ዋይ ሓፍተይ!» ብላ ደረቷን መታች። ዳክዬዎቹ ባንዴ ተነሱ። አደየ ባልዲውን አልጣለችም፤ ከእጇ ያስለቀቃት አባዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስዋ ሻጯ ከጎኔ ተቀመጠች። የወንድሜ ስም ከሞቱት ጋር መጥቶ ለሠፈር ሽማግሌዎች ተነግሮ እንደነበረ ነገረችኝ። ማኅበሯ በእኛ ቤት ሳይደርስ ለእናት አይነገር ተባብለው ነው የያዙት። መቼ እንደሰሙ ጠየቅኋት።

«በመስቀል ዋዜማ» አለች።

ለአባዬ ማታውኑ ነገርኩት። ፀጉሩን ተላጭቶ ከድንኳኑ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። የተላጨ ራሱን በእጁ ዳበሰና፣

«አተላውም?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አጨዳውም?»

«አዎ።»

«እኔኮ» አለ፣ «ለዳክዬዎቹ መስሎኝ።»