የደጀኔ ጋቢ እና የገና ዛፋችን

ትናንት ከሰዓት... ሮቤ ከተማ፣ ሳሎናችን መሬት ላይ ተዘርፍጬ ከልጄ ከሲፈን ጋር የገና ዛፍ እያስጌጥኩ ነበር።

እኛ ቤት ማስጌጫ አይገዛም፣ በእጅ ነው የሚሠራው። ከጎባ በባጃጅ ያመጣሁትን የጥድ ቅርንጫፍ ድንጋይ የሞላንበት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተከልነው። ካርቶን በኮከብ ቅርጽ ቆርጠን የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት አለበስነው። ከአሮጌ ደብተር ሰንሰለት ሠራን፣ ቆርኪ በክር ሰካን። ማጣበቂያችን በውሃ የተለወሰ ዱቄት ስለሆነ እስከ ክርኔ ድረስ ሊጥ በሊጥ ሆኛለሁ።

«አባ፣ በረዶ የለውም እኮ» አለች ሲፈን።

«የሮቤ ውርጭ አይበቃሽም?»

አልበቃትም። ጓዳ ገብታ የሆነ ነጭ ነገር ታቅፋ ተመለሰች። «ይሄስ?» አለችኝ። እኔም ከሊጤ ቀና ሳልል «ጎበዝ፣ አድርጊው» አልኳት።

ቀና ስል ዛፉ ነጭ ለብሷል። ሲያምር... ከዚያ ክው አልኩ። የእማዬ ባዘቶ ነው። ፍሬውን ለይታ፣ ነድፋ፣ ለፈትል ያዘጋጀችው ጥጥ።

እማዬ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ታናሽ ወንድሜ ደጀኔ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ጀምሮ ለሱ ጋቢ ትፈትላለች። ይኸው ስምንት ዓመት። እስካሁን የፈተለችው ለሁለት ጋቢ ይበቃል፣ ግን ለሸማኔ አትሰጥም። ስጠይቃት «ልጅ ሆኖ ነው የሄደ። ቁመቱን ሳላውቅ ምን ብዬ ላሠራ?» ትለኛለች። ጋቢ በቁመት እንደማይለካ ከኔ በላይ ታውቃለች። እኔም አልከራከራትም። ጋቢው አልቆ እሱ ባይመጣስ?

ጥጡን ላወርድ ብሞክር የጥዱ ሙጫ ይዞታል። ስታገል እማዬ ከገበያ ገባች። ቅቤዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ የኔ ጥፋት ነው...»

«ተው፣ አትንካው» አለችና ቁጭ አለች። «ደጀኔም በሰባት ዓመቱ እንዲሁ አድርጎብኝ ነበር። ያኔ በአርጩሜ መታሁት። ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ... ለጥጥ ብዬ።»

ሲፈን ወደ አኮዋ፣ ወደ አያቷ ጉልበት ተጠጋች። «አኮ፣ እኔንም ትመቺኛለሽ?»

«አልመታሽም። ይልቅ ለአጎትሽ ደውሉና አሳዩልኝ።»

በቪዲዮ ደወልን። ደጀኔ የሚሠራበት ሱቅ ውስጥ ነበር። ዛፉን ሲያይ ሳቁ አመለጠው። «እማ፣ ዘንድሮ ደግሞ ማንን ገረፍሽ?» አለ። ሳቁ ምን ያህል እንደናፈቀኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አለችው፣ «ስልኩን አስቀምጥና ራቅ ብለህ ቁምልኝ እስቲ። ቁመትህን ልየው።»

ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ ሄደ። ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ታየ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንደሚቆመው እጁን ከጎኑ አድርጎ ቀጥ አለ።

እማዬ ጣቶቿን ስልኩ ላይ ዘርግታ ልጇን በስንዝሯ ለካችው። አንዴ... ከዚያ እንደገና።

«አደግኩ?» አለ ከሩቅ።

«አድገሃል» አለችው።

ስልኩ ሲዘጋ «ታዲያ ለሸማኔው ልንገረው?» አልኳት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ወንበሯን ወደ ዛፉ አስጠጋች፣ እንዝርቷን አነሳች፣ ጥጡን ከቅርንጫፉ ላይ እየሳበች መፍተል ጀመረች።

ምን ታድርግ... ልጇ ስንዝር እንኳ አልሞላላትም።