የጀልባው ወለል ጀርባ

«ታዲያ ከሥር በኩል ማን ያየዋል? ዓሣ?» አለ ጋሼ።

«ማንም አያየውም። ውሃ ግን ያገኘዋል» አልኩት።

«ስሙልኝ እንግዲህ! ግጥም ልትገጥምብኝ ነው።»

ባለጀልባው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ክርክሩ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፣ የምሸነፈውም እኔ ነበርኩ።

ለቡ ውስጥ ባለች አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት ቀለም ቀቢ ነኝ። ጋሼ የቤቱ ባለቤት ነው። እሱ ቁም ሣጥን፣ አልጋና የወጥ ቤት መደርደሪያ ይሠራል፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ባለጀልባው የመጡት ከዝዋይ ነው። የብረት ጀልባቸውን በአይሱዙ አስጭነው አጠገባችን ወዳለው ብየዳ ቤት አመጡት። ቀዳዳው ተደፍኖ አልቋል፤ የቀረው ሰው የሚቆምበት የእንጨት ወለል ነው፤ እሱን ለጋሼ ሰጡት። ጋሼ በዕድሜው ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እኔም አላውቅም። የእኛ ሰፈር ውሃ ክረምት ላይ መንገድ የሚዘጋው ጎርፍ ብቻ ነው።

ጋሼ የመረጠው ኮምፔንሳቶ፣ ያ ስስ የእንጨት ንብርብሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራው ሰሌዳ፣ ሲያዩት ያምራል። ፊቱ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ የሙሽራ አልጋ ራስጌ የሚሆን ነው። ሻጩ «ውሃ አይነካውም» ብሎታል። ቫርኒሹን ደግሞ ከላይ ብቻ ቀቢው አለኝ። ይህን ያለው ከስስት አይደለም፤ የሙያው ልማድ ነው። እኛ የሠራነውን የትኛውንም ቁም ሣጥን ከግድግዳው ሳብ ብታደርጉት ጀርባው ራቁቱን ነው። እንግዳ የማያየው ቦታ ቀለም አይደርሰውም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ስንቱን ፊት አሳምሬ ስንቱን ጀርባ እንዲሁ ትቻለሁ።

«አባባ፣ የድሮው ወለል ከየት በኩል ነበር የበሰበሰው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ባለጀልባው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ከላይማ ደህና ነበር ልጄ። በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። አንድ ቀን ወደ ደሴቱ ስንሻገር የአንዲት እናት እግር ወለሉን በስቶ እስከ ጉልበታቸው ገባ። ለካ ከሥሩ ጭቃ ሆኗል! ተመስገን ነው፣ አልተሰበሩም። ግን ከዚያ ወዲህ ሰዉ እኔ ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወለሉን በጫማው ጫን ጫን ያደርገዋል። አንዳንዱ ጫን አድርጎ ይመለሳል።»

«እሺ አንቺስ ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?» አለ ጋሼ።

ከበር ነው የተማርኩት። ፉሪ በተከራየሁበት ግቢ የመታጠቢያ ቤቱ በር ኮምፔንሳቶ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ አየሁት። መሃሉ ላይ ምንም አልሆነም፤ ከታች፣ መጋዝ ከቆረጠው ጠርዝ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ እንደ ረጠበ ደብተር ገጽ ገጹ ተለያየ። ወደ ሥራ ስመጣ ደግሞ በየመንገዱ ፎቅ ይሠራል። ኮንክሪት የሚሞላባቸው ኮምፔንሳቶዎች ጠርዛቸው ከፋብሪካው ተቀብቶ የመጣ ነው፤ ስንቴ ረጥበው ቀጥ እንዳሉ ናቸው። የሚያብጠው አናጺው ቆርጦ ሳይቀባ የተወው ጎን ብቻ ነው። ታክሲ ስጠብቅ አንድ ቦታ መቆም አልችልም፤ ወዲያ ወዲህ ስል የማየው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ማስረዳት ግን ከበደኝ። ስለዚህ «እንቀቅለው» አልኩ።

«ምኑን?»

«ኮምፔንሳቶውን። ሙጫው ውሃ ይችል እንደሆነ ይታያል።»

ጋሼ ወደ ባለጀልባው ዞረ። «ቁርስ አልበላችም መሰለኝ።»

«ይቀቀል» አሉ ባለጀልባው።

ከቀዩ ኮምፔንሳቶ መዳፍ የሚያህል ቆረጥኩ። ጥግ ላይ ተደግፈው ማንም ከማይፈልጋቸው ሻካራ ኮምፔንሳቶዎች ደግሞ ሌላ መዳፍ የሚያህል ወሰድኩ። ፊቱ ጉጥ የበዛበት ነው፤ ከጎኑ ሲያዩት ግን በንብርብሮቹ መካከል ያለው የሙጫ መስመር ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ሙጫ ብዙ ጊዜ ውሃ ይችላል የሚል ነገር ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር። ሁለቱን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ፣ እንዳይንሳፈፉ ድንጋይ ጫንኩባቸው፣ ውሃ ሞልቼ ደጅ ላይ በቁርጥራጭ እንጨት እሳት አነደድኩ።

የብየዳ ቤቱ ልጆች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።

«እህት፣ ሲበስል ጥሪን!»

«ሚጥሚጣ አምጡላት እንጂ!»

«ለጋሼ ጠንከር ያለውን አውጪለት፣ ጥርስ አለው።»

ምሳ ሰዓት ላይ ቀዩን አወጣሁት። ጎኑን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው አምስት ቦታ ተለያየ። ጋሼ አንዷን ስስ ቅጠል አንስቶ ወደ ፀሐይ አደረጋት። ባለጀልባው ኮፍያቸውን አጥብቀው ያዙ።

ቀጥሎ የእኔን አወጣሁ። አንዱ ጥግ አፉን ከፍቷል።

«እሱም ሄደ!» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ላይ ደስታው ያስታውቃል። ልጆቹ አጨበጨቡ። ቆርቆሮውን በርግጫ ደፍቼ ወደ ፉሪ ብሄድ ደስ ባለኝ።

አልሄድኩም። ቁራጩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ሙጫው አልለቀቀም። ጥጉ ላይ የመሃለኛው ንብርብር ጭራሽ የለም፤ ከፋብሪካው ሲገጣጠም ክፍተት ቀርቶበታል፤ ውሃው በዚያ ገብቶ ነው የነፋው። በሌላው በኩል ካቻቢቴ ሰክቼ ጠመዘዝኩ። እምቢ አለ። ለጋሼ ሰጠሁት። ጋሼ ክንደ ብርቱ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ ሲጠመዝዘው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተሰነጠቀውን አየው፣ ደግሞ አየው።

«እንጨቱ ተሰበረ» አለ ቀስ ብሎ። «ሙጫው ግን እንደያዘ ነው።»

አናጺ ነውና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ቀዩን ሰሌዳ ራሱ አንስቶ ወደ ውጭ አወጣው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ሻካራዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አቁመን፣ እሱ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው፣ ዙሪያውን ጎናቸውን መረመርን። ከጎን የማይታየውን ክፍተት ደግሞ እሱ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ አገኘው፤ ባዶ ያለበት ቦታ ድምፁ እንደ ከበሮ ነው። ይህን አላውቅም ነበር። «ይኼኛው ያወራል፣ ጣይው» ይለኛል። አራቱን ጣልን፣ ሦስቱን ወሰድን። በጀልባው ልክ ቆረጥናቸው፤ የብሎን ቀዳዳዎቹንም አስቀድመን በሳን፤ ቫርኒሹ ቀዳዳው ውስጥ ድረስ እንዲገባ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ዙር በቲነር አቀጠንኩ፤ ቀጭኑን እንጨቱ ይጠጣዋል። ጠርዞቹ ሦስት ጊዜ እንደሚቀቡ ነግሬው ብሩሼን ሳነሳ፣ ጋሼ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ገለበጠው።

«ከጀርባው ጀምሪ» አለኝ።

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልገጥመው ሞክሬ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ያኔ ግን ከጀርባው ጀምሬ ቀባሁ። ባለጀልባው ከእኔ ጋር እየዞሩ አዩ። እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣታቸው ሊነኩ ሲሉ እጃቸውን ይዤ ከለከልኳቸው።

«እንግዲያው ጀርባውን ፎቶ አንሺልኝ» አሉ። «ለሚሳፈረው ሰው አሳየዋለሁ። በጫማው ጫን አድርጎ የሚመለሰው መጀመሪያ ይህን ይይ።»

አነሳሁላቸው። ስልካቸውን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ጀልባቸውን ሊያዩ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄዱ።

የቀረው ችግር አቧራው ነበር። መንገዱ ላይ ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ትቢያው ገብቶ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ይለጠፋል፣ የጋሼም መጋዝ ሰጋቱራ ይበትናል። ሥራ ቤታችን ደግሞ ቀን በሩ ተዘግቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ የኋላው መስኮት ይበቃኛል። በሩ ይዘጋ፣ መጋዙም ይቁም። ሁለተኛውን ዙር ቀብቼ እስኪደርቅ ማንም አይግባ።»

«እኔስ?»

«አንተም። ልብስህ ላይ ያለው ሰጋቱራ ብቻ ጆንያ ይሞላል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ብሩሼን ጨበጥኩ።

«ከገዛ ቤቴ?»

«ከገዛ ቤትህ።»

ደንበኛ ሊቀመጥበት ያዘጋጀውን በርጩማ አንስቶ ብብቱ ሥር አደረገ። «ደንበኛ ከመጣ ምን ልበለው?»

«ጀርባ እየተቀባ ነው በለው።»

ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አቃተው። ጫማው አቧራ እንዳያስነሳ ቀስ እያለ እየረገጠ ወጣ፤ ከዚያም የብረቱን በር ከውጭ በሁለት እጁ ጎትቶ ዘጋው።