ባትሪ የሌለው ሰዓት

ሰው ሲሳሳት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ግን ጥፋቱ የሙያዬ አይመስለኝም። ሙያውን የመረጥሁት አመሉ ስለነበረብኝ ነው። ሰርግ ቤት ተቀምጬ የሽማግሌ ወግ መሀል እገባለሁ። ሚኒባስ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ስለ መብረቅ ሲያወሩ ዞር ብዬ አርማቸዋለሁ። ሚስቴ፣ አንተ እኮ ቀብር ላይ የጉድጓዱን ጥልቀት የምትለካ ሰው ነህ ትለኛለች። ስትለኝ እስቅ ነበር።

አንድ ስሕተት ብቻ ሳላርም እተው ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ሰዓቴን አይተው በጣም ውድ ነው ብለው ሲያስቡ ዝም እላለሁ። ውድ አይደለም። ከጎንደሩ አራዳ ገበያ፣ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ሲነግዱ ከኖሩ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ሱቅ የገዛሁት፣ የመምህር ደመወዝ የሚደርስበት ሰዓት ነው። ግን መልኩ ያታልላል። ፊቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ የብረት ማሰሪያው ከሰዓቱ አካል ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ የት ላይ እንደሚጀምር አይታወቅም። አውልቄ ቆዳ ላድርግበት ብትሉ መግቢያ የለውም። ወይ ከነብረቱ ታስሩታላችሁ፣ ወይ ትተዉታላችሁ።

ሽማግሌው በቀጭን መርፌ እየገፉ ከማሰሪያው ላይ ሦስት ብረቶች አወጡልኝ፤ ክንዴ ቀጭን ነው። የወጡትን በትንሽ ፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝና፣ እነዚህን እንዳትጥላቸው፣ ሰው ይወፍራል፣ ሰዓትም ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኋቸው።

ባትሪ የለውም። ሆዱ ውስጥ ግማሽ ክብ የሆነ ክብደት አለ፤ ክንድ ሲወዛወዝ እሱ ይዞራል፣ ሲዞርም ጥቅልሉን ያጠብቀዋል። አውልቃችሁ ካስቀመጣችሁት አንድ ቀን ተኩል ያህል ሄዶ ቀጥ ይላል። ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ አላውቅም። ከሁሉ ይልቅ የገባው ግን ለአባቴ ነው።

አባቴ የዳባት ገበሬ ነው። ያን ዓመት ለጥምቀት ወደ ጎንደር ወረደና እኔ ዘንድ አዘዞ አደረ። ጠዋት ታቦት ልናጅብ ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ልንሄድ ስንል ጋቢውን አስተካክሎ ሰዓቴን አየና፣ ለዛሬ ብቻ እኔ ልሰረው አለኝ። አባቴ ከእኔ ዕቃ ሲለምን ያ የመጀመሪያው ነው። የአንቱ ክንድ ወፍራም ነው፣ አይገጥምም አልሁት። ሦስቱ ብረቶች አልጋው አጠገብ፣ እሱ ከተቀመጠበት አንድ ክንድ ርቀት መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ባለሱቁ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ መሆኑን አሳይተውኛል። ምክንያት ልደረድር እችላለሁ፤ ግፊያ ነው፣ ብረቱ ይጫራል እያልሁ። እውነቱ ግን ሰሰትሁ። ሰዓቱን ነፍጌው ትምህርቱን ሰጠሁት፤ ባትሪ እንደሌለው፣ ክንድ ከሄደ እንደሚሄድ፣ ክንድ ከቆመ እንደሚቆም እየተዘዋወርሁ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ሸጋ ነው ብሎ ባዶ እጁን ወጣ።

በዓመቱ አባቴ እርሻ ላይ ወደቀ። ጎረቤቱ ምች ነው ብሎ ቅጠል ሲያሸው ግማሽ ቀን አለፈ። ጎንደር ሆስፒታል ስናደርሰው ግራ ጎኑ አይሰማም ነበር። እግሩ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ፤ ክንዱ ግን አልዘራም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይህ ክንድ አይመለስም፣ ራሳችሁን አዘጋጁ አለኝ። ለእናቴ ነገርኋት። እሱ እንዳይሰማ አለችኝ። እኛ አገር መርዶ እንኳ ወግ አለው፤ ሰውየው እህል ቀምሶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ ነው የሚነገረው። ገበሬን ክንድህ ሞቷል ማለት ደግሞ መርዶ ነው። አባቴ ሲያርስ እርፉን የሚይዘው በግራው ነበር።

ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል ጸጸት ያዘኝ። ሦስቱን ብረቶች ይዤ አራዳ ሄድሁና ሽማግሌው መልሰው ገጠሙልኝ። አምጥቼ በግራ ክንዱ አሰርሁለት፤ ሰዓት በግራ ነው የሚታሰር። አላሰብሁበትም። ለዓለም ሁሉ ሳስረዳ የኖርሁት ሰው፣ በማይንቀሳቀስ ክንድ ላይ የሚታሰር ሰዓት ምን እንደሚሆን አላሰብሁም። አባቴ ክንዱን በቀኙ አንሥቶ አገላብጦ አየ፤ ዓይኑ ጭረት የሌለባቸው ሦስት ብረቶች ላይ ዐረፈ። ገጠመ አለ።

ከዚያ እነሱ ወደ ዳባት ተመለሱ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ሲከፈትም ፈተና ነበረብኝ። ስደውል እናቴ ደኅና ነው ትለኛለች። ሰዓቱ እየሄደ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ አዎ ይሄዳል ትለኛለች። ምናልባት ትከሻው ያወዛውዘው ይሆናል ብዬ ተውሁት። ሦስት ወር ሊሞላ ሲል ሄድሁ።

የደረስሁት ቀትር ላይ ነው። አባቴ መድኃኒቱን ውጦ ተኝቷል። ከጓሮ የቅል ድምፅ ሰማሁና ዞርሁ። እናቴ አጎንብሳ ወተት ትንጣለች። ሰዓቴ ክንዷ ላይ ነው። ለአባቴ ልክ የሰፋው ማሰሪያ ለእሷ በዝቶ እስከ ክርኗ ድረስ ወጥቷል፤ ቅሉን ስትገፋ ይወርዳል፣ ስትስብ ይወጣል። ስታየኝ አልደነገጠችም። እጇን ሳታቆም በዝግታ ነገረችኝ።

ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ሰዓቱ ቆመ። አባቴ ቀኙን ዘርግቶ ነካ ነካ አደረገው፣ ጆሮው ላይ አደረገው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ክንድ ከቆመ ይቆማል ያልሁትን አልረሳም። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እሷ ሲተኛ ፈትታ ልትደብቀው ወሰደችው፤ እጇ ሥራ ስለያዘ ለጊዜው ክንዷ ላይ አጠለቀችው፣ ወተቱን ስትንጥ ተነሣ። ከስልኳ ላይ አይታ አስተካክላ መልሳ አሰረችለት። ክንዱ ስለማይሰማው አልነቃም። ሲነቃ ሰዓቱ ይሄዳል። ያን ቀን በላ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ታደርጋለች።

አንዲት ላም ናት ያለችን። በየቀኑ ወተት ከየት ታገኛለሽ አልኋት።

"ወተት ሲያልቅ ውሃ እንጣለሁ" አለችኝ።

ከዚያ ለእሱ እንዳትነግረው ማልልኝ አለች። እናቴ ትሙት ብዬ ማልሁላት።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጡ። አባቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሰዓቱ ክንዱ ላይ ነው። ወሬው ወዲያው ወደ እርሻ ሄደ። የእህቴ ባል መሬቱን በእኩል ልረሰው፣ ምርቱን እንካፈል፣ በሬዎቹም ሥራ ፈትተው እየፈዘዙ ነው ብሎ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ የተላኩት ናቸው። ሰው ሁሉ መሬቱን አንድ ጊዜ ገምሷል፣ የእኛ ብቻ ጦሙን አድሯል። አባቴ አሻፈረኝ አለ። ዝናቡ ሲጥል እኔው አርሳለሁ አለ። በቀኙ የግራውን ክንድ አንሥቶ ሰዓቱን አሳያቸው። ይህ ሰዓት ባትሪ የለውም፣ ክንድ ሲሞት ይሞታል፣ የተማረው ልጄ ነው የነገረኝ፣ ይኸው ይሄዳል አለ። ሰዎቹ ጠጋ ብለው አዩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እናቴ በር ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብያለሁ። ዝም ማለት እንደምችል እየተገረምሁ ነበር።

አባቴ ደስ ብሎት ነበር፤ ሲደሰት ሰው መንካት ይወዳል። ወደ እኔ በአገጩ ጠቆመና ለሰዎቹ፣ "ለጥምቀት አንድ ቀን ልሰረው ብለው አይገጥምም አለኝ። ሦስት ብረት ነው ለካ የነፈገኝ" አላቸው።

ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ የአባት ቀልድ ነው፤ ከሰው ፊት ልጁን ሸንቆጥ ያላደረገ አባት የለም። እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሆስፒታል ገጠመ ያለኝ ቀን ያውቅ ነበር ማለት ነው። የተማረው ልጅ፣ ሁሉን አራሚው፣ ውሸታም ስስታም ሆኜ በሁለት ገበሬ ፊት ተቀመጥሁ። መልስ ፈለግሁ። የሚያሸንፍ መልስ እጄ ላይ ነበረ።

"አያ፣ የሚያስኬደው የአንቱ ክንድ አይደለም" አልሁት። "እማ ናት። ሲተኙ ፈትታ በእሷ ክንድ ወተት እየናጠችበት ነው። ወተት ባጣች ቀን ውሃ እየናጠች።"

ክፍል ውስጥ እንደማስረዳ ነበር የተናገርሁት። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግሁም። ስጨርስ ለአንድ አፍታ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ።

አንደኛው ጎረቤት ዱላውን ይፈልግ ጀመር፤ ዱላው ጉልበቱ ላይ ነው። አባቴ ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ እናቴን አያት።

"ውሃ?" አላት።

እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ የግራ ክንዱን በቀኙ አነሣና እንደ ዕቃ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ከባድ ነበር። ፍታው አለኝ። መቆለፊያውን ተጫንሁት። ሲፈታ ቆዳው ላይ የብረቶቹ ፈለግ ተደርድሮ ቀርቷል። አባቴ ፈለጉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ በሬዎቹን ነገ መጥቶ ይንዳቸው በሉት አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ማታ እራት አልቀረበም። ጠዋት ስነሣ የእህቴ ባል በሬዎቹን እየነዳ ከግቢ ሲወጣ አየሁ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ደኅና ዋሉ ብዬው ወጣሁ። ሰዓቱን ለእናቴ ዘረጋሁላት፣ ያዥው አንቺ አልኋት። አየችውና ቦርሳዬን ከፍታ ልብሶቹ መሀል ከተተችው። መኪና የሚቆምበት ድረስ ሁልጊዜ ትሸኘኝ ነበር፤ ያን ቀን ከአጥሩ አላለፈችም። የቀኝ ክንዷን በግራዋ ይዛ ከክርኗ በላይ ታሻለች።

"ሦስት ወር ሙሉ ያላመመኝ ክንዴ ዛሬ አመመኝ" አለችኝ። ዞራ ገባች።

አዘዞ ቤቴ ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት ሰዓቱ ይሄድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት፤ አላሰርሁትም። በማግስቱም ጠዋት ይሄድ ነበር። ከዳባት እስከ ጎንደር መኪናው ሲንገጫገጭ ጥቅልሉን ትንሽ እንዳጠበቀው አውቃለሁ፤ ማንም ተማሪዬ ቢጠይቀኝ እንዲያ ብዬ አስረዳለሁ። ይህን አንዱን ግን አላርመውም። የሄደው በእናቴ ክንድ ነው፤ ያን ቀን ቀትር ላይ ስትንጥ ያጠራቀመችው ነው ያለቀው።

ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ ሳለ ቆመ። እጄን ዘርግቼ አንድ ጊዜ ባወዛውዘው ይነሣ ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍሁ።