ረቡዕ የምትጾመው ኮምፒውተር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ፣ ደባርቅ በሚገኘው የባለበቅሎዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ የነበረችው ብቸኛ ኮምፒውተር ደርቃ ቆመች። ዓመቱን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። ከዚሁ መስመር በላይ ግን ሌሎች ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው "ረቡዕ ጥቅምት 6፣ 1፡05፣ ቆመች" ይላል። ሁለተኛው "ረቡዕ ጥቅምት 13፣ 1፡05፣ ቆመች" ይላል።

በዚያን ጊዜ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሰሜን ተራሮችን አካባቢ እዘግብ ነበር። የምኖረው ዳባት ነው። ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ተሳፍሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደባርቅ እደርሳለሁ። ጥቅምት ላይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገብስ ቢጫ ሆኖ ጤዛ ለብሶ ይቆያል። የሚኒባሱ መስኮት በተሳፋሪው ትንፋሽ ይሸፈናል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በክንዱ ጠረግ እያደረገ የማን ማሳ እንደታጨደ፣ የማን እንደቀረ ለሌላው ይነግራል። የአዝመራ ዜናዬን ብዙ ጊዜ የምጀምረው ከዚያ በክንድ ከተጠረገ መስኮት ነበር። ሳላጣራ ግን አላስተላለፍኩም።

ማኅበሩ በቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ በኮምፒውተሯ ዜናዬን እጽፋለሁ፤ በምትኩ የማኅበሩን ደብዳቤዎች አርማለሁ። ክፍሉ አንድ ነው። ጥጉ ላይ ኮርቻ፣ ልጓምና የጭነት ገመድ ተከምሮ ይውላል። ወረቀቴ ሁሉ የበቅሎ ላብ ይሸት ስለነበር ባለቤቴ ማታ ስገባ ጃኬቴን ውጭ ታሰቅለኛለች። ኮምፒውተሯ አሮጌ ነበረች። ሃርድ ዲስኳ ሲሠራ ሽምብራ እንደሚቆላ ይንጣጣል። በር ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ድምፁን ሲሰማ "አሁን እያሰበች ነው" ይላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የሚይዙት የተራ ዝርዝር ነው። ቱሪስት ወደ ተራራው ሲወጣ ጭነቱን የሚጭኑት የዝርዝሩ ፊተኞች ናቸው፤ ሠርቶ የተመለሰ መጨረሻ ላይ ይገባል። ተራውን ሳይሠራ ከተማውን ለቆ የወጣም እንደዚያው። ቀድሞ ዝርዝሩ በመዝገብ ይያዝ ነበር። አንድ ቀን በመዝገቡ ላይ ስም ተፍቆ ተገኘና ጠብ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ባለበቅሎዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ፤ ተራ ከማሽኗ ካልተነበበ አይሰጥም፣ ማሽኗ ዘመድ የላትም አሉ። ጋሼ መዝገቡን ቆልፈውበት ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር።

እንግዲህ ማሽኗ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ትቆማለች። በመጀመሪያው ረቡዕ መብራት ነው ተባለ። በሁለተኛው ረቡዕ ከደባርቁ ባለበቅሎዎች አንዱ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ሰው፣ ምክንያቱን አገኘሁት አለ።

"ጾም ላይ ናት። ዛሬ ረቡዕ አይደል?"

"ዓርብስ?" አለው አንዱ።

"ዓርብን ትገድፋለች። የነፍስ አባት የላትማ!"

በሁለቱም ረቡዕ ጋሼ ማሽኗን በጣታቸው ተጭነው አጠፏት፤ አስነሷት፤ እንደገና ቆመች፤ እንደገና አጠፏት። ተራው በዕጣ ሆነ። ረፋዱ ላይ ራሷ ትድናለች። ቀልደኛው ይህን ሲያይ "ቅዳሴ ወጣ" ይል ነበር።

ሦስተኛው ረቡዕ ግን የሳቅ ቀን አልነበረም። አንድ የአምቢኮ ሰው ነበር፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ። ተመዝግቦ ስምንት ቀን ደባርቅ ጠብቋል። በዚያን ዕለት የሚነሱት ሁለት ቱሪስቶች ነበሩ፤ የሚያስፈልጉት በቅሎዎችም ሁለት ብቻ። ጉዞው የመጀመሪያ ማደሪያው በሆነው በሳንቃ በር አድርጎ ቅዳሜ አምቢኮ ይገባል፤ እሱ ደጅ ማለት ነው።

"እሑድ የአባቴ አርባ ነው" አለ። "ተዝካሩን የማወጣው እኔ ነኝ፤ የበኩር ልጁ እኔ ነኝ። ተራዬ ዛሬ ከሆነ ሠርቼ እገባለሁ። ካልሆነም እሄዳለሁ፤ መቼም አልቀርም። ግን ስምንት ቀን የጠበቅሁት ተራ ይጠፋል።"

ጋሼ ማሽኗን አዩ። ስክሪኑ ላይ የዝርዝሩ ግማሽ ወጥቶ ግማሹ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። የሚታዩት ከታች ያሉት ስሞች ናቸው።

"እርስዎ አያስታውሱም?" አልኳቸው።

"ከፊት እንዳለ አውቃለሁ" አሉ። "ሁለተኛ ይሁን አራተኛ ግን አልምልም። ትናንት ማታ ሦስት ሰው ከጉዞ ገብቷል፤ ሁለት ሰው ስሙን አሰርዟል። ያላየሁትን አልናገርም።"

ተጭነው አጠፏት። ስትነሳ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ ዲስኩን እየመረመረች መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር ከታች መቁጠር ጀመረ። ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። አልተነቃነቀም። ጋሼ ጣታቸውን እንደገና ሰደዱ።

"አንድ ጊዜ፣ ጋሼ" አልኩ። "መጀመሪያ ባለሙያውን እንጠይቀው።"

ባለሙያው የጎንደር ልጅ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ መጥቶ ማሽኗን ጠግኖ የሄደው እሱ ነው። ኔትወርኩ የሚገኘው ደፍ ላይ ብቻ ስለነበር በር ላይ ቆሜ ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"እንዳትነኳት!" አለ ገና ሳልጨርስ። "ትንሿ ቀይ መብራት ትርገበገባለች?"

"ትርገበገባለች" አሉ ጋሼ ከውስጥ።

"እንግዲያው አልሞተችም። የተበላሸ ቦታ ላይ ደርሳ ደጋግማ እያነበበች ነው። አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ይፍጅባት፣ ተዋት። አጥፍታችኋት ነበር?"

"አሁን አንድ ጊዜ። ያለፈው ረቡዕ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በፊት በነበረውም ረቡዕ ሁለት ጊዜ" አልኩት።

"አሁን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ካጠፋችኋት ውስጧ ያለውን ለማውጣት እኔም አልችልም" አለ።

ደብተሬን ገልጬ ሦስቱን መስመሮች አነበብኩለት። ረቡዕ፣ ረቡዕ፣ ረቡዕ፤ ሁሉም አንድ ሰዓት ከአምስት።

"ረቡዕ መሆኑስ ልክ ነው" አለ። "በየሳምንቱ ረቡዕ ዲስኳን ራሷ እንድታስተካክል ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ አታጥፏት ያልኳችሁም ለዚያ ነው። ግን ያዘዝኳት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ። ጠዋት ምን አመጣት? አንተ ሰዓቱን ከየት አይተህ ነው የጻፍከው?"

"ከኮምፒውተሯ ጥግ።"

"የእጅ ሰዓትህስ ምን ይል ነበር?"

"ያንኑ። አንድ ሰዓት ከአምስት።"

"ያንኑ?" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሰዓቷን የነካ ሰው አለ?"

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "አንተ በሄድክ ማግስት ጠዋት አየኋት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ሳለ እሷ ሰባት ሰዓት ትላለች። ስድስት ሰዓት ተሳስታለች ብዬ አቀናኋት።"

"የፈረንጅ አቆጣጠር ነው እኮ፣ ጋሼ! የእሷ አንድ ሰዓት የእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፤ በእሷ ቤት አሁን ሌሊት ነው። ተኝታችኋል ብላ ነው ሥራ የጀመረችው!"

ቀልደኛው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። "እኛ በቅሎ እየጫንን እሷ ገና ዶሮ አልጮኸም ትላለች! እኔ ደግሞ ጾመኛ ናት ብዬ ሳከብራት!"

የአምቢኮው ሰው አልሳቀም። "እና መቼ ትነቃለች?" ብሎ ጠየቀ።

ጉዞው ሁለት ሰዓት ላይ መነሳት ነበረበት። አስጎብኚው እስከ ሦስት ሰዓት ታገሰ። ስልሳ አንድ በመቶ ስልሳ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ እንደገና ቆመ። ሦስት ሰዓት ላይ አስጎብኚው "ሳንቃ በር ሳይመሽ መድረስ አለብን" አለ። ዕጣ ይውጣ ተባለ። በእነሱ ልማድ እያንዳንዱ ሰው ከኪሱ የራሱን ዕቃ አውጥቶ ኮፍያ ውስጥ ይጥላል፤ የማያውቃቸው ሰው ያወጣል። ቀልደኛው የባትሪ ድንጋይ ጣለ። የአምቢኮው ሰው ከልጓም የተፈታች የብረት ቀለበት ጣለ። ያወጣው የቱሪስቶቹ ምግብ አብሳይ ነው። መጀመሪያ የአንድ ሽማግሌ ቁልፍ ወጣ። ቀጥሎ የባትሪ ድንጋዩ።

የአምቢኮው ሰው ቀለበቷን መልሶ ኪሱ ከተተ። በቅሎውን ፈታ።

"ዛሬን እንኳ እደር፤ ትከፈት ይሆናል" አልኩት።

"መንገዱ አንድ ነው። ከኋላቸው እሄዳለሁ" አለ። ጭነት የሌላትን በቅሎ እየሳበ፣ ከጫኑት ሁለት በቅሎዎች ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ በገበያው በኩል ወጣ።

እኔና ጋሼ ማሽኗ ፊት ቁጭ አልን። በሥራዬ ብዙ ጠብቄያለሁ፤ ከስብሰባ አዳራሽ ውጭ፣ ከሆስፒታል በር ላይ፣ የምርጫ ውጤት እስኪለጠፍ። እንደዚያ ጠዋት ግን አንዲት ቁጥር እያየሁ ጠብቄ አላውቅም። ስልሳ ሦስት። ጋሼ በየቁጥሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "አርባ ዓመት ደወል ያስደወልኩ ሰው ነኝ" አሉ። "አንዲት ደቂቃ ያዛነፍኩበት ቀን የለም። የተሳሳተ ሰዓት እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም።" እኔም የራሴን ሰዓት አየሁ።

ያ ክፍል ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። ባለፈው ሰሞን ገብቼ የስልክ መሸፈኛ ገዛሁ። የኮርቻው ክምር የነበረበት ጥግ ላይ የመስተዋት ሳጥን ቆሟል። ሻጩ ወጣት ነው፤ የማየውን ስላላየ ለምን እንደዘገየሁ አልገባውም። ጋሼ አርፈዋል። ተራ አሁን በስልክ መልእክት ነው የሚነገረው፤ ቱሪስቱም እንደዚያ ዘመን በየጠዋቱ በር ላይ አይሰለፍም። ዳባት ስገባ ጃኬቴን ውጭ ስቀል የሚለኝ የለም፤ ምንም አይሸትም። የአሁኖቹ ኮምፒውተሮች ድምፅም የላቸውም። ዜና ስጽፍ አንዳንዴ ጸጥታው ይበዛብኛል፤ ያ የሽምብራ ቆሎ ድምፅ፣ የባለበቅሎዎቹ ሙግት፣ ጋሼ ስም ሲያነቡ አንድ በአንድ የሚረግጡት ፊደል ይናፍቀኛል። በዚያ ሁከት መካከል የጻፍኳቸውን ዜናዎች መልሼ አንብቤያለሁ፤ ከአሁኖቹ የበለጠ ስህተት አልነበረባቸውም።

በዚያ ረቡዕ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ማሽኗ ምርመራዋን ጨርሳ ተከፈተች። ጋሼ ዝርዝሩን አወጡ። አንደኛ የአንድ የአምባራስ ሰው ስም ነበር፤ ያ ሰው በዚያን ጠዋት በቢሮው አልነበረም፤ ያልተገኘ ይታለፋል። ሁለተኛው የአምቢኮው ሰው ነበር። ሦስተኛው ቁልፉ የወጣለት ሽማግሌ። ቀልደኛው ሰባተኛ ነበር።

ጋሼ ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ። በቀይ እስክሪብቶ አራት መስመር ጻፉ፤ ማኅተም መቱበት፤ ሁለት ጊዜ አጠፉት። እኔ እንዳርመው አልሰጡኝም። በሩ ላይ ቆመው ወደ ጃናሞራ የሚሄድ አይሱዙ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ሹፌሩን አስቁመው ወረቀቱን ሳንቃ በር ላሉት ስካውቶች፣ ለፓርኩ ጠባቂዎች፣ እንዲያደርስ ሰጡት።

በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያው ከጎንደር መጣ። ዲስኩ ብዙ ቦታ ላይ መጎዳቱን አረጋገጠ፤ ዝርዝሩን ወደ ሌላ ገለበጠ፤ ሰዓቷንም ወደነበረችበት መለሰ። ጋሼ ከስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ሰዓቷ በምትታይበት ቦታ፣ ፕላስተር ለጠፉባት።

ከሳንቃ በር በኋላ የሆነውን ከሁለት ሰዎች ሰምቻለሁ። አንደኛው ቀልደኛው ነው፤ ኀሙስ ማታ ባዶ በቅሎ ይዞ ደባርቅ ገባ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ተራው የአምቢኮው ሰው ነው የሚል ወረቀት መጣ" አለኝ። "ተራ ከማሽኗ ይነበብ ብሎ ከሁሉ በላይ የጮኸው ማን ነበር? እኔ! ምን አፍ አለኝ? ጭነቱን በእጄ ጫንኩለት። በሌሊት የምትነሳ ማሽን ከመንገድ መለሰችኝ እልሃለሁ።"

ሁለተኛው ከጉዞው ጋር የሄደው ስካውት ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመለስ ጠየቅሁት። ኀሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጭነቱ በአምቢኮው ሰው በቅሎ ላይ ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አምቢኮ ገቡ። ተዝካሩ እሑድ ወጣ።