ለቀጮ የተጠበቀው ማሳ

ላም አላቢዋ ለጎረቤቷ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ የጀመረችው ፈልጋ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ቀጮ የሚለው ያ ልጅ ባሕር ኃይል በገባ በዓመቱ ጦርነቱ ፈነዳ። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታለች፤ አባቱ ደግሞ ድሮም ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወተት ሊወስድ መጥቶ፣ ጣሳውን እንደያዘ በረቱ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ለልጁ ሁለት መስመር ጻፊልኝ።»

«ምን ልበለው?»

ሰውየው ብዙ አሰበ። «ዝናቡ ዘግይቷል በይው» አለና ሄደ።

ይህን ብቻ መላክ አሳፈራት። የሰፈሩን ትራክተረኛ ላሟ ረግጣው እያነከሰ መክረሙን ጨመረችበት። ከመርከቡ የመጣው መልስ ስለ ዝናቡ አንድም ቃል አልነበረውም። «ትራክተረኛው ዳነ ወይ? እዚህ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው በሳቅ ሞቱ» ይላል።

ከዚያ ወዲህ መልእክት ያለው ሁሉ ወደ እሷ ወጥ ቤት መጣ። ባለወፍጮዋ «ልጄ አግብታለች በይው፣ ተስፋ እንዳያደርግ» ብትላት፣ ትራክተረኛው «መቼ አደረገና?» ብሎ ኩም አደረጋት። ላም አላቢዋ ግን ከሥራ በኋላ እጇ ብዕር መያዝ እምቢ ይላታል። መስመሩ እየተጣመመ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ጥሏት አገጯ ወረቀቱ ላይ እየወደቀ ትጽፋለች። ሬዲዮው መርከብ ሰመጠ ባለ ቁጥር፣ የልጁ የእጅ ጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ሰፈሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት አጨዳው ሲጋመስ አባትየው ደረቱን ይዞ ማሳው ውስጥ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

«አሁን እንዳትነግሪው» አለች ባለወፍጮዋ። «ባሕር ላይ ነው። ማን ደግፎ ይይዘዋል?»

«ከኛ ካልሰማ ከማን ይስማ?» አለ ትራክተረኛው።

ላም አላቢዋ ሳትሸፋፍን ጻፈችለት። መጨረሻ ላይ ማንንም ሳታማክር «ማሳህ እስክትመጣ ይጠብቅሃል» አለች። ፖስታውን ካሸገች በኋላ ነው ለትራክተረኛው የነገረችው።

«በማን ጉልበት?»

«በኛ።»

ማጅራቱን አከከ። በማግስቱ ግን ትራክተሩን አስነስቶ መጣ።

እሱ ያርሳል፤ ዘሩ፣ አረሙና አጨዳው በአብዛኛው የእሷ ሆነ። የራሷን ባቄላ አረም በላው። ወገቧ ጎንበስ ካለ ቀና ለማለት የበረቱን ግድግዳ መያዝ ግድ ሆነባት። ቢሆንም በየደብዳቤው «ማሳህ ደህና ነው» ትለዋለች፤ እሱም በየመልሱ ስለ ማሳው ይጠይቃል።

ጦርነቱ አብቅቶ ቀጮ ሲመጣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ዓይኑ ግን ጎድጉዶ ነበር። ስንዴው ሊደርስ ነው። ከላም አላቢዋ ጋር የማሳውን ዳር ይዘው ሲሄዱ ዛላውን በመዳፉ ይዳብስ ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ መኖር አልችልም» አላት ኋላ። «ፀጥታው አያስተኛኝም። ወደቡ ላይ መርከብ ጥገና ሥራ አግኝቻለሁ። ማሳውን አንቺ ውሰጂው።»

ላንተ ብዬ እኮ ነው ወገቤ የተቆረጠው ልትል አፏ ላይ ደረሰ። ያለችው ግን ሌላ ነው። «ምነው ይህን ቀደም ብለህ ብትጽፍልን?»

«ስለ ማሳው ስትጽፊልኝ የምመለስበት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። አልመለስም ብል እሱም እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።»

ላም አላቢዋ ዳሩ ላይ ቁጭ አለች። መናደዷን ታውቃለች፤ ግን መናደድም ጉልበት ይጠይቃል። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

አጨዳው እስኪያልቅ ቆየ። ማጭዱን እንደ አዲስ ተማሪ እየያዘ፣ ትራክተረኛው እየቀለደበት፣ እህሉን ሰብስቦ ጎተራዋ ውስጥ አስገባላት። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ትራክተረኛው የማሳውን እኩሌታ ወሰደ። እሷ ድርሻዋን አላረሰችውም፤ ሣር በቀለበት፣ ላሞቿም ገቡበት። ቀጮ አሁንም ይጽፋል፤ ስለ ዝገት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ አለቃው። ስትችል ትመልስለታለች፤ ሳትችል ስትቀር ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይሰነብታል። በዚያ ዓመት ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ጀመረች፤ የሚቀሰቅሳትም አልነበረም።