ሞተር ያለው ጋኔን

ባጃጅ በኤረር በር በኩል እያጓራ ሲመጣ ታላቅ ወንድሜ አንገቱን ሰበር አድርጎ ትንፋሹን ይይዛል። ሞተሩ እስኪያልፍ እንደዚያው ይቆያል። የማያውቀው መንገደኛ ሰላምታ የሰጠው እየመሰለው አጸፋውን ጎንበስ ብሎ ይመልሳል። ወንድሜ ግን በዚያች ቅጽበት ከተማ ውስጥ የለም፤ ውሃ ውስጥ ነው።

ውሃው የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ከሐረር በጭነት መኪና ተንጠልጥለን እንሄድ ነበር። ሐይቁ የረጠበ ሣርና የዓሣ ሽታ ነበረው፤ የጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን ይወጋል። ከሁላችንም ይበልጥ ወንድሜ ይዋኝ ነበር። በትምህርቱም እንደዚያው ነበር፤ መምህራኑ ሐኪም ይሆናል ይሉ ስለነበር ቤታችን በዚሁ ተስፋ ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር።

ሐይቁ ላይ ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ነበረች። የሚነዷት የወንድሜ የክርስትና አባት ነበሩ፤ በሥራ ተዛውረው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ሳቂታ ሰው። ያን ቀን እንግዶች ጭነው፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው እየተጫወቱ ይነዱ ነበር። እኔ ከወንድሜ ኋላ እዋኛለሁ። የጀልባዋ አፍንጫ ጭንቅላቱን ሲያገኘው ዱባ መሬት ላይ የወደቀ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ የቤንዚን ሽታ፣ ከዚያ ደም። ከውሃው ያወጡትም እሳቸው ናቸው፤ እያለቀሱ።

ወንድሜ ነፍሱን ሲያውቅ መጀመሪያ የተናገረው «ጀልባ መታኝ» የሚል ነው። እናቴ የክርስትና አባቱን አየች፤ እሳቸው መሬቱን አዩ። ቀድመው የተናገሩት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ነበሩ። «ጂኒ ነው። ያ ሐይቅ ባለቤት አለው፤ አላህ ያሽረው» አሉ። እናቴ ቃላቸውን እንደ ገመድ ያዘችው። «እውነትዎን ነው፣ የውሃ ጋኔን ነው» አለች። በጾም እንኳ የማይገጥሙ ሁለት ሃይማኖቶች በዚህ ጉዳይ ወዲያው ተስማሙ።

እኔ «ጀልባዋን አይቻለሁ» ስል ጓዳ አስገባችኝና፣ «አበልጅ ይከሰሳል እንዴ?» አለችኝ። «ልጄን ክርስትና ያነሱ ሰው ናቸው። ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ስለዚህ ውሃ ላይ የተሰበረ ራስ በውሃ ሊታከም ጸበል ተወሰደ። በጀርባቸው አዝለው የወሰዱት የክርስትና አባቱ ናቸው። ወንድሜ «ጀልባ ነው» ባለ ቁጥር አጥማቂው «ዋሾ! ልቀቀው!» እያሉ ውሃ ይጨምሩበታል። የክርስትና አባቱ አጠገባቸው ቆመው አሜን ይላሉ።

የተማሩ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ድንቁርና» ይላሉ። አልስማማም። እናቴ ጋኔኑን የጠራችው ስላላወቀች አይደለም፤ በደንብ ስላወቀች ነው። ጋኔን ባይኖር ኖሮ አበልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይፈጥረው ነበር።

ወንድሜ ትምህርቱን አልጨረሰም። ፀሐይ ሲበረታ ራሱን ይዞ ይቀመጣል፤ ወሬ ጀምሮ ቃሉ መሀል መንገድ ላይ ይጠፋበታል፤ አንዳንዴም ይወድቃል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንዲት ነገር አልጠፋችውም። እናቴ «ያ ጋኔን» ስትል እሱ «ጀልባ» ይላል፤ በየበዓሉ፣ በእንግዳ ፊት፣ ሳይሰለች።

ከዚያ ሐይቁ ራሱ ደረቀ። ከብት ሣር ጋጠበት። ጋኔኑ ወዴት እንደተሰደደ የነገረን የለም። አሁን ደግሞ ውሃው ተመልሷል፤ ሰው ዳሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

የክርስትና አባቱን ከቀበርናቸው ቆይተናል። አምና ደግሞ እናታችን አረፈች። አሁን ወንድሜ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር፣ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። በቅርቡ፣ የሚከለክለኝ ሰው ስለሌለ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ወጣቷ ሐኪም የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው።

«አባቴ፣ ይሄ የቆየ ስብራት ነው» አለችው። «ምንድነው የመታዎት?»

ሲናገር የሚያምነው ሰው በስንት ዘመኑ ተገኘ። ወንድሜ ቀና ብሎ በትሕትና አያት።

«የውሃ ጋኔን ነው የኔ ልጅ» አላት።

ደጅ ስንወጣ ተቆጣሁት። «ዕድሜህን ሙሉ ጀልባ ነው ስትል ኖረህ፣ ዛሬ የሚሰማህ ሲገኝ ምን ነካህ?»

ጥላ ጥላውን ይዘን ጥቂት ተራመድን። ቃሉ እንደገና የጠፋበት መስሎኝ ነበር።

«በሕይወት እያለች መልስ ትሰጠኝ ነበር» አለ። «አሁን በሌለችበት እማዬን ውሸታም ላድርጋት?»