በጋምቤላ ግቢያችን ያበበው አደይ

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ኒውላንድ ሰፈር ያለውን ግቢያችንን ቃኘት አደረገችና፣ «አባባ፣ ዛፉ አድጎ ሁሉም አረንጓዴ ብቻ ሆነ እኮ። ለመስከረም አደይ ብንዘራበትስ?» አለችኝ። «እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ ግቢ አደይ አይገባም!» ብዬ ጮህኩባት። ምን አጠፋች? ምንም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቆየ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ መምህር ሆኖ ከጎጃም ወደ ጋምቤላ ሲመደብ እማዬ ተከትላው ወረደች እንጂ ልቧ አልወረደም። መስከረም ሲጠባ ባሮ ደፍርሶ ይሞላል፤ የበቆሎና የዓሣ ጥብስ በየደጁ ይሸታል። እሷ ግን «ቢጫ የማይታይበት እንቁጣጣሽ ምኑን እንቁጣጣሽ ሆነ!» እያለች ታኮርፋለች። አንድ ቀን ጥላን ትሄዳለች የሚል ፍርሃት እንቅልፍ ነሳኝ። አክስቴን ለምኜ የአደይ ዘር በአውቶቡስ አስላክሁ።

አደይ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ግቢውን ደግሞ አጥሩ ጥግ ያለው ትልቅ ማንጎ ሸፍኖታል። ዛፉን ቤታችን ሳይሠራ በፊት የተከሉት ጎረቤታችን አባባ ኦሞድ ናቸው፤ ከአጥሩ ወዲያ በጥላው ተቀምጠው የዓሣ መረባቸውን ይጠግናሉ። መጥረቢያ ይዤ ሲያዩኝ ተነሱ።

«አንተ ልጅ፣ በበጋ የት እንቀመጣለን?»

«ለእማዬ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እናትህ ጥላ አትፈልግም?»

መቼ ሰማኋቸው! ቆረጥኩት። አልተሳደቡም፤ ዱካቸውን አንስተው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አልመለሱም።

አደዩ በሙቀቱ ቀጥኖ፣ ተመዞ ወጣ እንጂ ለእንቁጣጣሽ አበበ። የእማዬን እጅ ይዤ አወጣኋት። አየችው፣ ሳቀች፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተንሰቀሰቀች። «ወይኔ አገሬ! ምን ልሁን ብዬ ነው እዚህ የተቀመጥኩት?» አለች።

በሳምንቱ «ዘመድ ጠይቄ እመጣለሁ» ብላ ተሳፈረች። አልተመለሰችም። ያን በጋ ፀሐዩ ግቢውን ሲለበልበው እኔና አባቴ ቤት ተዘግተን ከረምን።

ዛሬ ምራቴን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? እማዬ እስክትሞት ድረስ፣ በደወልኩ ቁጥር «ያን አደይ ተክለህ አገሬን ያስታወስከኝ ልጄ፣ እግዜር ይባርክህ» ትለኝ ነበር። እኔም «አሜን» እል ነበር።